ቅርፊቱ የቀረው ድፎ

እኔ ብዙ አልናገርም። ሰዎች ትሕትና ይመስላቸዋል። እውነቱን ዛሬ ልናገርና ልረፍ፤ አፌ ሌላ ሥራ ነበረበት።

ነገሬ ስለ መብላት ነው። ስለ መብላት ደግሞ ምን ይወራል እንዳትሉኝ። እኔም እንደዚያ እያልኩ ነው ሁለት ዓመት ዝም ያልኩት።

ሰው ፊት የምበላው ጥቂት ነው። ግብዣ ላይ ሁለት ጊዜ ጎርሼ እጄን እሰበስባለሁ።

"በሞቴ!" ይሉኛል።

"በቃኝ።"

"ኧረ አንዲት ጉርሻ!"

"በቃኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

የማኅበራችን አንጋፋ እትዬ ብርቄ ሁሌም የሚሉት አላቸው። "ይቺ ሴት በጸሎት ብቻ ነው የምትኖረው" ይላሉ። ከዚያ ዐይናቸው ወደ ወገቤ ይወርዳል። ቀሚሴን ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ስፌቱን አስለቅቄያለሁ። በሦስተኛው ጊዜ ልብስ ሰፊው ጨርቁን ገልብጦ አየና "ከዚህ በኋላ የሚለቀቅ የለም እናቴ" አለኝ። ጸሎት እንዲህ ሲያወፍር ያየ ሰው የለም። ግን የሰፈሬ ሰው ጨዋ ነው፤ ማንም አይጠይቅም።

እኔ የምበላው ብቻዬን ነው። ቆሜ። ረፋድ ላይ፣ ልጄ ቤዛ ሥራ ከሄደች በኋላ። ራብ አይደለም። ራብን አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጿሚ ነኝ። ራብ ሲበሉ ይሄዳል። ይሄኛው ሲበሉ ይመጣል። አንዴ እጄ ከተነሳ ጣዕሙን እንኳ ሳላውቀው አፌ ይሠራል። ትናንት የተረፈ ሽሮ፣ ደረቅ እንጀራ፣ ለውዝ፣ ስኳር በማንኪያ። ሁሉም ሲያልቅ እንደ መንቃት እላለሁ። ሆዴ ያመኛል። ከሆዴ ይልቅ ግን ሌላው ያመኛል፤ ሌላው የት እንዳለ ለማሳየት ጣት አይበቃም።

ከዚያ ሥራ ይጀመራል። ፍርፋሪውንና ፌስታሉን ሰብስቤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከሰፈር ወጥቼ፣ ሰው በማያውቀኝ የቆሻሻ ገንዳ እጥላለሁ። የሚያየኝ ሰው ቤተ ክርስቲያን ልሳለም የምሄድ ይመስለዋል። "ጸሎትሽ ይድረሰን" ያለኝም አለ። ፌስታሉን ይዤ "አሜን" አልኩት።

የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቤዛ እንዳታውቅ። አባቷ ካረፈ ወዲህ ያለሁላት እኔ ነኝ። በጾም የጸናች፣ ሁሉን በልክ የምታደርግ እናት አለቻት። ያቺን እናት እንዳልገድልባት ነበር ልፋቴ ሁሉ። መደበቅ ከመብላት በላይ ያደክማል። እኔ ሁለቱንም እሠራ ነበር።

እንዴት እንደጀመረ ልናገር። ቤታችን ከድሮው አትክልት ተራ ወረድ ብሎ ነው። በግቢው ስምንት ቤተሰብ ነበርን። ሰፈሩ ሲፈርስ ሰባቱ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄዱ። የእኛ መስመር ቀረ፤ ተመስገን። ድስቴ ግን ይሄን ሁሉ አልሰማም። እንደ ድሮው ለግቢው ያህል ይሠራል። ድሮ ወጥ ስሠራ ለየጎረቤቱ በሳህን ሸፍኜ እልክ ነበር። የእነሱም ሳህን ወደ እኔ ይመጣል። አሁን ሳህኑ የሚሄድበት ደጅ የለም። ምግብ መድፋት ኃጢአት ነው ብዬ የአንዱን ጎረቤት ድርሻ በላሁ። በማግሥቱ የሁለተኛውን። ሳምንት ሳይሞላ ሰባት ቤተሰብ ሆንኩ።

ቤት ያለው ሲያልቅ ወደ ዘሀራ እሻገራለሁ። ዘሀራ የወሎ ልጅ ናት፤ ከመንገዱ ማዶ ሳምቡሳና ፓስቲ ትጠብሳለች። መጀመሪያ ቀን ስምንት ሳምቡሳ ስገዛ አፈርኩና "እንግዳ መጥቶብኛል" አልኳት። በማግሥቱም እንግዳ አለ። በሳምንቱም አለ።

"እትዬ፣ እንግዶችዎ ገና አልሄዱም እንዴ?"

"አልሄዱም።"

"ወላሂ ይሄስ ሰው አይደለም! ሁለት ወር ሙሉ? ከየት ነው የመጡት?"

"ከገጠር።"

"እስቲ አንድ ቀን ይዘዋቸው ይምጡ፣ ዐይናቸውን ልየው። እኔ እንዲህ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምቡሳ ትመርቅልኛለች። "ለእርስዎ ነው፣ ለነሱ እንዳይሰጡ" ትለኛለች። እኔም እሺ እላለሁ። ቃሌንም ጠብቄያለሁ፤ ለነሱ አልሰጠሁም።

ሁዳዴ ገባ። ይሄ ነገር ከሰው በላይ ነው ብዬ ለነፍስ አባቴ ልናገር ቆረጥኩ። አባ ሽማግሌ ናቸው። ከሥላሴ እስከ እኛ ሰፈር በእግራቸው ይመጣሉ፤ ሃያ ዓመት ያውቁኛል።

"አባ፣ እበላለሁ" አልኩ።

"ሁላችንም እንበላለን ልጄ።"

"ብዙ እበላለሁ።"

ፊቴን አዩት። የገረጣ ፊት ነው። ፈገግ አሉ።

"የፍስክ ነው?"

"ኧረ አባ! የጾም ነው።"

"ሰዓት ሳይደርስ ነው?"

"አንዳንዴ።"

"ሌላስ?"

ሌላው ብዙ ነበር። ቆሜ እንደምበላ፣ ማቆም እንደማልችል፣ ስለ እንግዶቹ፣ ስለ ፌስታሉ።

"ሌላ የለም" አልኩ። እንዳልኳችሁ፣ ብዙ አልናገርም።

እሳቸውም የነገርኳቸውን ያህል ፈረዱ። እስከ ስድስት የነበረው ጾሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይሁን፤ በቀን አርባ አንድ ስግደት ይጨመር። "ሆድን መግራት ነው ልጄ" አሉ። ጥፋታቸው አይደለም። ያመመኝን እግር ደብቄ ደህናውን ነው ያሳየኋቸው።

ሰገድኩ። እስከ ዘጠኝም ጾምኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ግን ግድቡ ይሰበራል። ከስግደት የተነሳሁበት ጉልበት ቀጥታ ወደ ጓዳ ያደርሰኛል። እስከ ዘጠኝ የጾምኩበት ሆድ፣ ቤዛ ከሥራ እስክትመለስ ባለው ጊዜ የሁለት ቀን ይጨርሳል። አፍሬ በማግሥቱ ይበልጥ እጾማለሁ። ይበልጥ በጾምኩ ቁጥር ይበልጥ እበላለሁ። ይሄ ነገር መውጫ የሌለው ደረጃ ነው፤ ወጣሁ ስል እዚያው ነኝ። በዚህ መሐል የጾሜ ዝና ማኅበሩ ጋ ደረሰ። እትዬ ብርቄ አቅፈው ሳሙኝ። "እስከ ዘጠኝ ነው አሉ! በዚህ ጉልበትሽ!" አሉ። ከንፈሬ ላይ የለውዝ ቅርፊት ነበር።

መጋቢት ሃያ አንድ ቀን የማርያም ማኅበር ተራዬ ደረሰ።

ይሄ ቀን ለእኔ ትልቅ ነው። ከግቢው የሄዱት ሁሉ ይመለሳሉ። ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ቀይረው የሚመጡ አሉ። ድፎውን ዋዜማውን ጋገርኩ። መሶቡን የሚሞላ፣ ከላይም ከታችም ኮባ የለበሰ፣ ሲያንኳኩት ከበሮ የሚመስል ድፎ። የማኅበር ዳቦ ቄስ ባርኮ እስኪቆርሰው ማንም አይነካውም። ሕፃን እንኳ ቢያለቅስ ፍርፋሪ አይሰጠውም።

በበነጋው ስድስት ሰዓት ላይ ቤዛ ከሥራ አስፈቅዳ መጥታ ብርጭቆ ልትዋስ ወጣች። ጓዳ ውስጥ እኔና ድፎው ቀረን። ቤቱ በሙሉ እሱን እሱን ይሸታል።

የፈለግኩት ከሥር ኮባው ላይ የተጣበቀችውን ብቻ ነበር። እሷ ዳቦ አትባልም። ኮባ ናት ማለት ይቻላል። ገለበጥኩት። ኮባውን ገለጥ አደረግኩ። የተጣበቀችውን በላሁ። ከእሷ በላይ ያለችው ደግሞ ከእሷ ጋር የተያያዘች ናት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዘመድ ስቆጥር፣ ስነቃ ክንዴ እስከ ክርኔ ድፎው ውስጥ ነው።

ቀና አድርጌ አየሁት። ላዩ ያምራል፤ ወርቅ መስሏል። ውስጡ ግን ቤት ሆኗል። ሰው ሊከራየው ይችላል።

አላለቀስኩም። ጊዜ አልነበረኝም። ልሞላበት ብዬ ዳቦ ቤት ሮጥኩና አሥር ዳቦ ገዛሁ። ጊዮርጊስ አጥር ጋ ስደርስ ስድስት ነበሩ። ቤቴ ስገባ የያዝኩት ባዶ ፌስታል ነው።

ቀና ብዬ ስፈልግ የቤዛን የልጅነት ሳህን አየሁ። ጎድጓዳ ነው፣ ቆርቆሮ፣ ጠርዙ ሰማያዊ፣ መሐሉ ላይ ቀይ ጽጌረዳ ያለበት። ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ የበላችበት ነው። በአፉ ደፍቼ ድፎውን ላዩ ላይ ጫንኩበት። ኮባውን ዙሪያውን መለስኩ። ጫን ጫን አድርጌ ሞከርኩት። ቆመ። "ተመስገን" አልኩ። በምን አፌ እንዳልኩት አላውቅም።

ዕቅዴ አጭር ነበር። አባ ዳሩን ይቆርሳሉ፤ የቀረውን እኔ ጓዳ አስገብቼ እቆራርሳለሁ። አባ ሃያ ዓመት ሙሉ ዳቦ የሚቆርሱት ከመሐል በመስቀል ምልክት ነው። እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ምን ዋጋ አለው።

ቅዳሴ ወጥቶ ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ቤቱ ሞላ። ተሳሳምን። ስለ ኮንዶሚኒየም ውኃ ተወራ። አባ ጸሎት አደረሱ፣ ድፎውን ባረኩ፣ ቢላዋውን አንስተው መሐሉ ላይ አሳረፉ።

ቀጭ!

አባ ቢላዋውን አንስተው ጫፉን አዩት። እንደገና ጫን አሉ።

ቀጭ!

"ምነው፣ ድንጋይ አለው እንዴ?" አሉ።

"በደንብ በስሎ ነው አባ፤ እሷ ባለሙያ ናት" አሉ እትዬ ብርቄ።

በሦስተኛው የድፎው ጣሪያ ሰመጠ። አባ እጃቸውን ከተቱና ሳህኑን አወጡት። ፍርፋሪ ለብሶ፣ ጽጌረዳው እየታየ። ማዶ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

"አይጥ ናት!" አሉ እትዬ ብርቄ። "ሰፈሩ ሲፈርስ የፒያሳ አይጥ በሙሉ የቆሙት ቤቶች ውስጥ ነው የገባው! እኔ ብያለሁ!"

ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ጎንበስ ብለው ውስጡን መረመሩ።

"አይጥስ ትበላለች" አሉ። "ግን በልታ ስታበቃ ጣሪያው እንዳይወድቅ ብላ ምሰሶ አታቆምም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ሰው ነው። ሙያም ያለው ሰው ነው።"

በሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

"የማርያምን ዳቦ! ሳይባረክ! በሁዳዴ!" እትዬ ብርቄ ተነሡ። "ማነው የደፈረው?"

እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ። ያን ጊዜ ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

"እኔ ነኝ።"

ቤዛ ናት። ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ ቆማለች።

"ርቦኝ ነበር። እማዬ አታውቅም፣ እሷን እንዳትቆጡ።"

"አንቺ? ያደግሽ ልጅ?" አለ አንዱ። "የዛሬ ልጆች!" አለች ሌላዋ። እትዬ ብርቄ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "እናትሽ እስከ ዘጠኝ እየጾመች፣ አንቺ..." ብለው ተዉት።

ቤዛ እኔን አላየችም። ሳህኑን ነበር የምታየው። ያን ጊዜ ገባኝ። ታውቃለች። ዛሬ አይደለም ያወቀችው፤ ከቆየ ነው። በሰው ሰፈር የጣልኩት ፌስታል ሁሉ ከንቱ ነው። አውቃ ዝም ብላ ነበር፤ እኔ እንዳላፍር። ዝምታውን ከእኔ ነው የወሰደችው። አሁን ደግሞ ኀፍረቴን ልትወስድ ነው።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ማንም አላመነኝም።

"እናት አይደለች፣ ልትሸፍናት ነው" አሉ እትዬ ብርቄ። "አንቺ? በሞቴ ብለን አንዲት ጉርሻ የማናጎርስሽ?"

ሰው በሐሰት ተከሶ ንጹሕ ነኝ እያለ ሲከራከር ሰምቻለሁ። እኔ ጥፋተኛ ነኝ ብዬ የምከራከር ሆንኩ። ለማስረዳት ደግሞ መናገር አለብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናግሬ አላውቅም። ከሰባቱ ቤተሰብ ድርሻ ጀምሬ ስለ ዘሀራ እንግዶች፣ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ፌስታሉ ነገርኳቸው። ያልተናገርኩት ነገር አልቀረኝም። አሥሩ ዳቦ ጊዮርጊስ አጥር ጋ ስድስት መሆናቸውን ስነግራቸው ጋሽ ታደሰ ሳቃቸው አመለጣቸው። አፋቸውን ያዙ። ቤዛም ሳቀች። እኔም ሳቅኩና ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነብኝ። ቤዛ ትሪውን አስቀምጣ መጥታ ትከሻዬን ያዘች።

አባ ሳህኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ፍርፋሪውን በእጃቸው ጠረጉ።

"ልጄ፣ ያኔ እበላለሁ ያልሽኝ ይሄን ነው?"

"አዎ አባ።"

"እኔ ደግሞ ስግደት ጨመርኩልሽ።"

"አዎ አባ።"

"እስከ ዘጠኝም አስረዘምኩብሽ።"

"አዎ።"

"ይቅር በዪኝ" አሉ።

ልነሣ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። "ስግደቱም ሰዓቱም ተነሥቶልሻል። ንስሐሽ ይሄ ነው፤ ነገ ጠዋት ቁርስ ትበያለሽ።"

"በሁዳዴ አባ?" አሉ እትዬ ብርቄ።

"የታመመ ሰው በሁዳዴም ይበላል፣ ብርቄ።" ወደ እኔ ዞሩ። "ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት። ቁጭ ብለሽ። ሰው እያየሽ። ደግሞ ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ። ጸሎትሽን አትተዪ፣ ሐኪሙንም አትተዪ።"

ከዚያ የቀረውን ድፎ ለሁሉም ቆረሱ። ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ቅርፊት ደረሰው። እትዬ ብርቄ የራሳቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ለረጅም ጊዜ አላመጡ። "ድሮም የሚጣፍጠው ቅርፊቱ ነው" አሉኝ። ጥርስ እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቃለን። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ቤዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ የቤዛ እኩያ ናት። ስትሰማኝ አልሳቀችም፣ አልደነገጠችም። ሕመም ነው፣ ስም አለው፣ ሕክምናም አለው አለችኝ።

"ስም አለው?" አልኳት።

"አለው እናቴ።"

እኔ ስሙ እኔ መስሎኝ ነበር።

ሆዳምነት አይደለም አለችኝ። ራስን መከልከል ሲበዛ መብላቱም ይብሳል፤ ሐዘንም፣ ብቸኝነትም፣ ኀፍረትም ያባብሱታል። በአንድ ቀን አይድንም፣ ግን ይድናል። መቼ እንደጀመረ ስትጠይቀኝ ስለ ድስቴ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። በየሳምንቱ እመለሳለሁ፤ መናገር ነው ሕክምናው። ለእኔ ሰው ከዚህ የባሰ መድኃኒት የለም። እውጠዋለሁ።

ስንት ሁዳዴ ጾሜያለሁ፤ እንደ ቁርስ የከበደኝ የለም። አምሮኝ ሳይሆን ታዝዤ፣ ተደብቄ ሳይሆን ተቀምጬ መብላት። መጀመሪያ ሰሞን እያንዳንዷ ጉርሻ ሰው ፊት ልብስ እንደ ማውለቅ ነበረች።

ባለፈው በዘሀራ በኩል አለፍኩ።

"እትዬ! እንግዶችዎ ሄዱ?"

"አብዛኞቹ ሄደዋል" አልኳት። "አልፎ አልፎ የሚመጡ አሉ።" እውነት ነው። ባለፈው ማክሰኞ መጥተው ነበር፤ ለሐኪሟም ለቤዛም ተናግሬያለሁ።

"አብሽሩ፣ እነሱም ይሄዳሉ" አለችኝ። በርጩማ አወጣችልኝ። ተቀመጥኩ። አንድ ሳምቡሳ በላሁ፤ ምስር ነበረው። ለካ ሚጥሚጣ ታበዛለች። ሁለት ዓመት ስበላው አላወቅኩም።

ቤዛ ጠዋት ጠዋት ቅንጬ የምታቀርብልኝ በዚያችው ሳህን ነው። ከጽጌረዳው ጀርባ የቢላዋው ጭረት አለ። እሷም ሥራ ከመሄዷ በፊት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ትበላለች። ብዙ አናወራም። ዛሬ ጨረስኩና ሳህኑን አየሁት። ራብ ነው ወይስ ያኛው ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ራብ ነበር። ትንሽ የቀረ፣ ደህና ራብ።

"በቃሽ እማዬ?"

በቃኝ ልል ነበር፤ አፌ ለምዶታል።

"ትንሽ ጨምሪልኝ" አልኳት።

ሰው እያየኝ እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ቤዛ ቀና ብላ አላየችኝም። ጭልፋውን አነሣችና ጨመረችልኝ። ቁጭ ብዬ በላሁ። ተመስገን።